ጡት ነካሽ

አማርኛችን ውለታ ለበላ ሰው ካዘጋጃቸው ስድቦች ሁሉ የከፋው «ጡት ነካሽ» የሚለው ይመስለኛል። ያሳደገውን የካደ፣ ያስተማረውን ያዋረደ፣ ሲቸግረው የደረሰለትን ሲያልፍለት የረሳ፣ ሁሉም ጡት ነካሽ ነው። ይህን ስድብ መጀመሪያ ያወጣው ሰው ሴት መሆን አለበት። ወንድ ሕመሙን ከየት አውቆት? እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ እውነተኛው ጡት ነካሽ ነው። አንዲት ጥርስ ስለሌለው፣ ከተወለደ ገና አራት ቀኑ ስለሆነው፣ ክፋት የሚባል ነገር መኖሩንም ስለማያውቀው ጡት ነካሽ።

«ምነው እሷ! የሚጻፍ ነገር ጠፋና ነው ስለ ጡት በጋዜጣ የምታወራው?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ወንዶች አንባቢዎቼም ገጹን ገልብጣችሁ ወደ ስፖርቱ እንዳትሄዱብኝ። ነገሩ እናንተም ቤት ገብቶ ይሆናል፤ ካልገባም ነገ ይገባል። ደግሞ ዛሬ የምጽፈው ምክር ብቻ አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት የያዝኩት አንድ ውሸት አለ፤ እሱንም ላወርድ ነው።

ሴት ልጄን የወለድኩት በ1992 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ነበረች። እናቴ ከደብረ ብርሃን የገብስ ዱቄቷን፣ ቅቤዋንና ማሯን ተሸክማ፣ ዝናቡ እየመታት መጣች። ቤቱ በጠያቂ ተጥለቀለቀ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ «ማርያም ጭንሽን ታሙቅልሽ» እየተባለ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀዳል። ስለ ምጡ ተጠየቅኩ፣ ስለ ልጅቷ ክብደት ተጠየቅኩ፣ ልጅቷ ማንን እንደምትመስልም ክርክር ተነሳ። ስለ ጡቴ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። የወለድኩበት ቦታም ቢሆን ልጅቷን በጋቢ ጠቅልሎ አስታቀፈኝና «አጥቢያት» ብሎ ሸኘኝ። እንዴት እንደማጠባት ማን ይንገረኝ? ማጥባት ደግሞ ይነገራል እንዴ? ላም አስተማሪ ቀጥራ ነው ጥጃዋን የምታጠባው?

በሁለተኛው ቀን ያቃጥለኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን የሁለቱም ጡቶቼ ጫፍ ተሰነጠቀ። ልጅቷ አፏን ስታስጠጋ የእግሬ ጣቶች ብርድ ልብሱ ውስጥ ይኮማተራሉ። የነጠላዬን ጫፍ እነክሳለሁ። አንድ ሌሊት ከአፏ ሳላቅቃት ከንፈሯ ላይ ደም አየሁና የሷ መስሎኝ ልጮህ ነበር። የኔ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ የገዛ ልጄን ለቅሶ ፈራሁት። ከእንቅልፏ ስትነቃ ልቤ ድንግጥ ይላል። እናት ልጇ ስትነቃባት ትደነግጣለች?

«እማማ፣ ጡቴን ያመኛል» አልኳት እናቴን።

«ቻይው ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው። ይለምዳል» አለችኝ።

ቻልኩት። አንዷ ጠያቂ «ቅቤ ቀቢው» ስትለኝ ቀባሁት። ሌላዋ «ከመውለድሽ በፊት በሻካራ ፎጣ እያሸሽ ብታጠነክሪው ኖሮ ይሄ አይደርስብሽም ነበር» ብላ ያለፈውን ወቀሰችኝ። እኔም በራሴ እውቀት ቁስል ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ ባጠባሁ ቁጥር በሳሙና አጠብኩት። ባሰበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባለቤቴን ወደ ፋርማሲ ላክሁትና የቆርቆሮ ወተት ገዝቶ መጣ። ልጅቷ ጡጦዋን ስትመጠምጥ፣ ከወለድኳት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሳላለቅስ አየሁት።

እናቴ ጡጦውን ስታይ «ምነው?» አለች።

«ወተቴ ደረቀ» አልኳት።

ውሸቱ ይኸው ነው። «አሞኝ ተውኩት» ማለት አቃተኝ። ያመማት እናት ሰነፍ ናት፤ ወተቷ የደረቀባት እናት ግን ምስኪን ናት። እኔ ምስኪንነቱን መረጥኩ። እናቴ አመነችኝ። ወተት ይመልሳል የተባለውን ሁሉ እያፈላች አጠጣችኝ፣ ከእንጦጦ ጠበል አስመጣችልኝ። እኔ ሌሊት ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ እየነደደ የተወጠረ ጡቴን አልቤ ወተቱን እደፋው ነበር። በሩን ቆልፌ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፍቼ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳቱ የኔ ነበር። እናቴ ግን ጥፋተኛ ፈለገች። ወተት እንዲሁ አይደርቅማ! አንዲት ጎረቤት ነበሩን፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ዶሮ ይዘው ሊጠይቁኝ የመጡ። ሳጠባ ተቀምጠው አይተውኝ «እሰይ፣ ጡትሽ እንዴት ሞልቷል!» ብለው ነበር። እናቴ ይህን አስታወሰች። «ዓይኗ ነው» አለች። ወሬው ከኛ ቤት ወጣ፣ ሰፈሩን ዞረ። ሴትዮዋ አራስ ቤት መጠራት ቀረባቸው። እኔ ደግሞ እውነቱን እያወቅሁ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ሰፈሩን ለቅቄ ወጣሁ።

ዓመታት አለፉ። ልጄ በጡጦ አድጋ፣ ተምራ፣ ተድራ፣ ባለፈው በ2017 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለደች። አሁን አራስ ጠባቂዋ እኔ ሆንኩ። ጊዜው በብዙ ነገር ተሻሽሏል። የዛሬው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣታል። ልጁ በተወለደ በሰዓቱ ውስጥ ጡት ላይ ተደርጓል፤ በኔ ጊዜ ብዙ ሰው «ቆሻሻ ነው» እያለ ያስደፋው የነበረው እንገርም ተሰጥቶታል። ስኳር በውሃ የለም፣ ቅቤ ማዋጥ የለም። «እሰይ፣ የዘንድሮ ልጆች አወቁ!» ብዬ ደስ ብሎኝ አጥሚቴን አማስላለሁ።

በአራተኛው ሌሊት አጥሚት ይዤ ገባሁ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጠባለች። ዓይኔ ወደ ብርድ ልብሱ ጫፍ ሄደ። የእግሮቿ ጣቶች ተኮማትረዋል።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

«ያምሻል?»

ዝም አለች። ከዚያ ዞር ሳትል «እማዬ፣ የአንቺም ወተት ደርቆ አይደል? በዘራችን ይሆናላ! ነገ የዱቄት ወተት ይገዛ ልለው ነው» አለችኝ።

አንባቢዎቼ፣ ውሸት እንዲህ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ እንደሚጠብቅ አላውቅም ነበር። እኔ ለአንድ ሌሊት እፎይታ የተናገርኳት ነገር በዘር የሚወረስ በሽታ ሆና የልጅ ልጄን ጡት ልታስጥለው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። የኔ ባሰ፤ ያልነበረ በሽታ ፈጥሬ የነበረውን ደበቅሁ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «አልደረቀም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ደሙን፣ ሳሙናውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ። የልጄ ፊት መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ አዘነ። መጨረሻ ላይ «በለኛ! ጡት ነካሽ ነበርኩ ማለት ነው?» አለችኝና ሁለታችንም እንባችን እየወረደ ሳቅን። ሕፃኑ ደንግጦ ጡቱን ለቀቀና አለቀሰ።

ሲነጋ ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። የተቀበለችን አዋላጅ ነርስ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። እኔ ቁስሉን አይታ ቅባት ታዝዛለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እስቲ መጀመሪያ እንዴት እንደምታጠቢው አሳዪኝ» አለቻት። ልጄ አሳየቻት። ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ ተሰቅሎ፣ ልጁ ጣሪያ እያየ አንገቱን ጠምዝዞ፣ የጡቷን ጫፍ ብቻ በከንፈሩ ቆንጥጦ።

«ችግሩ ጡትሽ ላይ አይደለም የኔ እናት፣ አያያዙ ላይ ነው» አለች ሲስተር። «ምላስሽን ላንቃሽ ላይ አድርጊ። ከፊት ያለው አጥንት ነው፣ ጠንካራ። ወደ ኋላ ስትሄጂ ለስላሳ ይሆናል። ልጁ ጫፉን ብቻ ሲይዝ ጡትሽ በምላሱና በዚያ አጥንት መሐል ይፈጫል። ጠልቆ ሲይዝ ግን ጫፉ ለስላሳው ጋ ይደርስና ምንም አይነካውም። ደግሞም ወተቱን የሚያገኘው ጠቆር ያለውን ክብ ጭምር በአፉ ሞልቶ ሲይዝ ነው። አሁን አንቺም ትቆስያለሽ፣ እሱም አይጠግብም።»

እኔ ላንቃዬን በምላሴ እየነካሁ ቆሜያለሁ። ሃያ አምስት ዓመት አፌ ውስጥ የነበረ መልስ!

ከዚያ አስተካከለቻት። ጀርባዋን አስደገፈቻት፣ ከክንዷ ስር ትራስ አደረገችላት። የልጁን ሆድ ከእናቱ ሆድ አጋጠመችው። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር እንዲሆኑ አደረገች። «አንቺስ አንገትሽን አዙረሽ ውሃ መጠጣት ትችያለሽ?» እያለች። አፍንጫውን ከጡቱ ጫፍ ትይዩ አድርጋ የላይኛውን ከንፈሩን ነካ ነካ አደረገችውና «ጠብቂ» አለች። ልጁ አፉን ትንሽ ከፈተ። «ገና ነው።» አሁንም ከፈተ። «ገና።» በሦስተኛው ልክ እንደሚያዛጋ አፉን በሰፊው ሲከፍት፣ ጭንቅላቱን ሳትገፋ ከትከሻው ይዛ ፈጠን ብላ አስጠጋችው፤ አገጩ ቀድሞ ጡቱን ነካ። «ጡቱ ወደ ልጁ አይሄድም፤ ልጁ ነው ወደ ጡቱ የሚመጣው» አለች።

ልጄ ዓይኗን ጨፍና የተለመደውን ሕመም ስትጠብቅ አየኋት። ቆይታ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ጀመረ እንዴ?» አለች። ልጁ እየዋጠ ነበር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ሲስተር ምልክቶቹን አንድ በአንድ አሳየችን። በደንብ የያዘ ልጅ አገጩ ከጡቱ ይለጠፋል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ከጠቆረው ክብ ከላይ በኩል የሚታየው ከታች ካለው ይበልጣል፣ ጉንጩ ይሞላል እንጂ አይጎደጉድም፣ ሲውጥ ይሰማል እንጂ አያጮህም። አጥብቶ ሲለቅ ጫፉ እንደ ሊፕስቲክ ተሾልኮ ወይም ነጥቶ ከወጣ አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሲያም ችሎ መቀጠል የለም፤ ንጹሕ ትንሿን ጣት በአፉ ጥግ ገባ አድርጎ ማላቀቅና እንደገና መጀመር ነው። ጎትቶ መንጠቅ ያቆስላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ልጁ ሲጀምር ለጥቂት ሰከንድ ቆንጠጥ ቢያደርግ የተለመደ ነው። አጥብቶ እስኪጨርስ የሚቆይ ሕመም፣ መሰንጠቅና መድማት ግን የእናትነት ዕዳ አይደለም፤ «አስተካክሉኝ» የሚል ጥሪ ነው።

ሳሙናውንም ነገርኳት፣ እያፈርኩ። ሳሙና ቆዳው ራሱ የሚያመነጨውን ቅባት ስለሚያጥብ ያደርቀዋልና ገላ ስንታጠብ የሚፈስበት ውሃ ብቻውን ይበቃል አለችን። ጠብቶ ሲጨርስ ከራሷ ወተት ጠብታ ቀብታ በአየር ታድርቀው። ከፋርማሲ የሚገዛ ንጹሕ ላኖሊንም ይቀባል፤ ቅቤው ግን ለገንፎው ይቆይ። ጡት ላይ የሚደረግ ጨርቅ ሲርስ ይቀየር። በእርግዝና ጊዜ በፎጣ ማሸትም ይጎዳል እንጂ አያጠነክርም። ልጁ እስኪያለቅስ አይጠበቅ። በጣም የራበው ልጅ ተናዶ ነው የሚይዘው፤ አፉን ሲያዟዙር፣ እጁን ሲልስ ያኔ ይሰጠው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ። ጡት ተወጥሮ ከደነደነ ጥቂት በእጅ አልቦ ማለስለስ ነው። አያያዙን እስኪለምድም ጡጦና የእንጀራ እናት ጡት ማለትም ያቺ የምትጠባ ላስቲክ ይቆዩ።

ሁሉም ነገር በአያያዝ አይፈታም፤ ይህንንም አልደበቀችንም። ከምላሱ ስር ያለችው ስስ ቆዳ አጥራ የምትይዘው ልጅ አለ፤ እሱ ይታያል። ደህና ይዞም ጡቱ የሚያቃጥል፣ ጫፉ የቀላና የሚያብለጨልጭ፣ የልጁ አፍ ውስጥ በቀላሉ የማይጠረግ ነጭ ነገር ከታየ ሻጋታ ሊሆን ይችላልና እናትም ልጅም አብረው ይታከማሉ። ጡት በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ማጥባቱን ግን አለማቆም። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት ደግሞ ጡቷ ከተሰነጠቀ ወይም ከደማ ሳትውል ሳታድር ለምትከታተላት ባለሙያ ትንገር።

ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የልጄ ቁስል በሳምንት ጠገገ።

ወደ ቤት ስንመለስ የተናደድኩት ለዚህ ነው። ይህ እውቀት ትናንት የተገኘ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1991 በጀመሩት ሆስፒታሎችን ለሕፃናት ምቹ የማድረግ እንቅስቃሴ ውስጥ ካሉት አሥር እርምጃዎች አንዱ፣ እናትን እንዴት እንደምታጠባ ማሳየት ነው። እኔ ስወልድ ይህ ከተባለ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከሕፃናቱ 73 በመቶው በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መጀመራቸውን፣ ከስድስት ወር በታች ካሉት ግን ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በመሐል ለሚንጠባጠቡት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሥራ አለ፣ «አይበቃውም» የሚል ስጋት አለ፣ ውሃ ማስቀመስ አለ። ከነዚህ መሐል እንደኔ በር ቆልፈው የሚያልቡ ስንት ናቸው? እነሱን የሚቆጥር የለም፤ ሁላችንም «ደረቀ» ነዋ የምንለው!

በጡጦ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ ይህን የምጽፈው እናንተን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። እኔም በጡጦ ነው ያሳደግሁት፤ ልጄም ጤነኛ ናት። የሚቆጨኝ ተውኩት ብዬ ሳይሆን፣ ሳልጠይቅ መተዌና ሳልናገር መቅረቴ ነው።

ማታ ደብረ ብርሃን ደወልኩ። እናቴ ሰማንያ ዓመቷን አልፋለች፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«እኔም ባንቺ ጊዜ በግራ በኩል ቆስዬ ነበር» አለችኝ። «እስከ ክርስትናሽ በአንድ ጡት ነው ያጠባሁሽ። ጠባሳው አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑ ይወራል ልጄ? ሁሉም ሴት የምትችለው መስሎኝ።» ደግሞ ዝም አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። «ታዲያ ያቺን ሴትዮ በከንቱ ነዋ...» አለችና አልጨረሰችውም።

በማግስቱ የድሮው ሰፈር ሄድኩ። ሰፈሩ ፈርሷል። ነዋሪው የት የት እንደተበተነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ ገንፎውን ብሉ፣ መርቁ፣ ልጁ ማንን እንደሚመስል ተከራከሩ። ከመውጣታችሁ በፊት ግን ከእናንተ አንዷ ጠጋ ብላ «ጡትሽስ እንዴት ነው?» ትበላት። «ምንም አይል» ካለች የእግሯን ጣቶች እዩ። አባትየው ደግሞ «ቻይው» ከማለት ትራሱን ያቀብላት፤ ካልሆነም ሳይመሽ ጤና ጣቢያ ይውሰዳት።

እርስዎም፣ በ1992 ዓ.ም. ክረምት ዶሮ ይዘው ሊጠይቁኝ የመጡት ጎረቤቴ፣ ይህ ጋዜጣ እጅዎ ገብቶ ከሆነ፤ ወተቴ አልደረቀም ነበር። ዓይንዎ ንጹሕ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።